ሳይጻፍ የሚያልፍ ትዝታ፤ የአረጋውያንን ቃል በቃለ መጠይቅ ማቆየት በድሬዳዋ

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን እየመራ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ወጥተው በጌልገላ እንዲቆሙ አድርጎ ነበር (ኢያ. 4)። የቆሙበትም ምክንያት በዚያው ምዕራፍ ተገልጧል፤ በሚመጣው ዘመን ልጆች የድንጋዮቹን ነገር አባቶቻቸውን ሲጠይቁ የተደረገው ሁሉ እንዲነገራቸው ነው። ምዕራፉን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ ድንጋዩ፣ የሚጠይቀው ልጅ እና የሚመልሰው አባት። ከሦስቱ ድንጋዩ ብቻ ሲቀር ከሌላው የወንዝ ድንጋይ የሚለየው ምንም የለም።

በአገራችን ድንጋዩን ለመጠበቅ ብዙ ተደክሟል። አድባራትና ገዳማት ይታደሳሉ፤ ንዋያተ ቅድሳት ይመዘገባሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቶ ከጥፋት ታድጓል። ይህ በቀላሉ የሚታይ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን መጽሐፍ ሲያነብቡበት የኖሩት መሪጌታ በምን ዓይነት ድምፅ ያነብቡት እንደ ነበር፣ በክፉ ዘመን ማን እንደ ሸሸገው፣ በየትኛው በዓል ከዕቃ ቤት ይወጣ እንደ ነበር ፊልሙ አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው፣ በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ከሰውየው ጋር ወደ መቃብር የሚወርደው ሀብት ነው። ማሳያ አድርጎ የሚወስደውም ድሬዳዋን ነው።

የቃሉ ትርጉም

በዚህ ጉዳይ ላይ ሲነገር አራት ቃላት እየተቀላቀሉ ያስቸግራሉ። በቤተ ክርስቲያናችን አነጋገር ትውፊት ማለት ከሐዋርያትና ከሐዋርያውያን አበው በቃልም በጽሑፍም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የእምነትና የሥርዓት ርስት ነው። ይህ በሊቃውንት ጉባኤ ተጠብቆ የኖረ ስለ ሆነ አንድ ግለሰብ ባስታወሰው ልክ የሚጨመርበት ወይም የሚቀነስለት አይደለም። ሥነ ቃል የሚባለው ተረቱ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ በሠርግና በልቅሶ የሚባለው ነው። አፈ ታሪክ ተናጋሪው ራሱ ያላየው፣ ከአያት ከቅድመ አያት ተቀብሎ የሚያወርሰው ትረካ ነው። የድሬዳዋን ስም ትርጉም ብንወስድ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሶማልኛ ተናጋሪውም በየቋንቋው የሚተርከው አለው፤ ሁለቱም ሊመዘገቡ ይገባቸዋል፤ መዝጋቢው ግን በመካከላቸው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም።

የቃል ታሪክ ከእነዚህ የሚለየው ምስክሩ በሕይወት መኖሩ ነው። አንድ ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን፣ ራሱ የኖረበትን ነገር በሥርዓት ተጠይቆ ሲናገር፣ ንግግሩም ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነቦታው ተቀርጾ ሲቀመጥ የቃል ታሪክ ይባላል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ ላይ ነገሩን በዓይናቸው ካዩት የተላለፈውን ከሥሩ መርምሮ ለቴዎፍሎስ እንደ ጻፈለት ይገልጣል (ሉቃ. 1፥1-4)። ጠይቆ፣ መርምሮ፣ በተርታ መጻፍ ማለት ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከዜማዋ የተማረችው

የቃል ትምህርት ያለ ጽሑፍ ምን ያህል ጸንቶ እንደሚኖር፣ ደግሞም ምን ያህል በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል ከቅዱስ ያሬድ ዜማ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መጻሕፍቱ ብቻ ሳይሆኑ መጻሕፍቱን በቃላቸው የያዙ ሊቃውንትም አለቁ። በሊቃውንት ዘንድ እንደሚነገረው፣ ከዚያ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የተድባበ ማርያም ሊቃውንት የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዛሬ በድጓው ላይ የምናያቸውን የዜማ ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን፣ ድፋቱን፣ ጭረቱን፣ ቅናቱን፣ ሂደቱን፣ ቁርጡን ሠሩ።

የሚያስተውል ሰው የዘመኑን ቅደም ተከተል ልብ ይለዋል። ምልክቱ የተሠራው ሊቃውንቱ በብዛት በነበሩበት በደኅናው ዘመን አይደለም፤ ሞት በር ላይ ቆሞ ከታየ በኋላ ነው። ተርፈው የተገኙት ጥቂቶች ባይኖሩ ኖሮ ምልክቱ በምን ላይ ይደረግ ነበር? ሌላም ቁም ነገር አለ፤ ምልክቱ ከተሠራ ይኸው 400 ዓመት አልፎት እንኳ ምልክቱን ብቻ አይቶ ዜማ የተማረ የለም። ተማሪው አሁንም ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ድምፃቸውን ይሰማል። ጽሑፉ ድምፁን አልተካም፤ ደገፈው እንጂ። የመጻሕፍት ትርጓሜውም እንዲሁ ነው፤ አንድምታው በጉባኤ ቤት ለዘመናት በቃል ሲነገር ኖሮ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታትሞ ለብዙኃኑ ሲደርስ ወንበሩ አልታጠፈም።

ለሊቃውንቱ ትምህርት ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለምእመናኑ ትዝታ ግን አልተጨነቀም። የጽዋ ማኅበር የመሠረቱ እናቶች፣ ለሕንፃ ሥራ ድንጋይ የተሸከሙ ወጣቶች፣ ሌሊት ደውል የሚደውሉ አገልጋዮች ያዩት ነገር ድጓ የለውም፤ ምልክትም አልተሠራለትም።

ባቡር የቆረቆራት ከተማ

ድሬዳዋ እንደ አክሱም ወይም እንደ ላሊበላ ጥንታዊ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ፣ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ዳር እንዲቆም ተወሰነ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው፣ የጥገናው ወርክሾፕና የሠራተኛው ሠፈር ተሠራ። ከወንዙ በአንዱ ወገን የባቡሩ መሐንዲሶች በቀያሽ መስመር የከፈሉት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ንግዱና ገበያው የደራበት መጋላ አደገ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ከተማ ተገናኘ።

አንዳንድ ሰው አዲስ ከተማ ምን የሚጠፋ ትውፊት አላት ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል። ላሊበላን ያነጸውን ጠራቢ ዛሬ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። በድሬዳዋ ግን ከመጀመሪያዎቹ የባቡር ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል በሕይወት ያሉ አሉ፤ የከተማዋ አጀማመር ከእኛ የሚርቀው በሁለትና በሦስት ሰው ዕድሜ ብቻ ነው። ይህ ዕድል ደግሞ ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ አይቆይም። ጣልያን ከተማዋን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ሲይዝ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ወደ መቶ ነው። ያ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። የቀጣዩ ትውልድ በር ገና አልተዘጋም።

ባቡሩም ራሱ ተለውጧል። የጥንቱ ሐዲድ አገልግሎቱ ቆሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ጣቢያ ያልፋል። ከፈረንሳይኛ ገብተው አማርኛ የሆኑት ለገሀር፣ ፉርጎ የመሰሉት ቃላት በሕዝቡ አንደበት ቆይተዋል። የወርክሾፑ የውስጥ ቋንቋ ግን፣ የመሣሪያው ስም፣ የፈረቃው አጠራር፣ ሠራተኛው በሠራተኛው ላይ የሚያወጣው ቅጽል፣ ከጡረተኞቹ ጋር እየሄደ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወገን የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ሌሊቱን በሞተር ላይ ያደረ ሠራተኛ ጾሙን እንዴት ያዘ? ዓመታዊ በዓል በፈረቃው ቀን ሲውልበት ማን ተካው? ተኪው እስላም ባልደረባው ከነበረ፣ እርሱስ በዒዱ ቀን ምን መለሰለት? በአንድ ዲፖ የሚሠሩ ክርስቲያኖች የጽዋ ማኅበር ነበራቸው ወይ? ጽዋውስ ዛሬ በማን ቤት አለ? የእነዚህን መልስ የሚያውቁት በሕይወት ያሉት ባለጉዳዮች ብቻ ናቸው።

የቁልቢ መንገድ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለቃል ታሪክ የመጀመሪያው መዝገብ ሊሆን የሚገባው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል መንገድ ነው። የሐረር ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል፤ የአሁኑ ሕንፃ በልጃቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የታነጸ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው አገሪቱ የሚመጣው ምእመን በባቡሩ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ወርዶ፣ ደንገጎን ወጥቶ፣ ከቆላ ወደ ደጋ እየተሻገረ ወደ ሰባ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ይሄድ ነበር። በባዶ እግሩ የሚሄደው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ኮረብታውን የሚወጣው፣ ጃንጥላ ወይም ጧፍ ይዞ ስለቱን የሚያደርሰው፣ በስለት የተወለደውን ሕፃን አቅፎ ለክርስትና የሚመጣው ዛሬም አለ። የእግሩ መንገድ ግን በመኪና እየተተካ ነው። መንገዱ ሲቀር በመንገዱ ላይ የነበረው ሥርዓት ሁሉ አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ቁልቢ በእግራቸው የሄዱትን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቁትም ስለ ክብረ በዓሉ ብቻ አይደለም። ስለ ክብረ በዓሉ በየዓመቱ ይዘገባል። የማይዘገበው ይህ ነው፦ ከቤት ሲወጡ ማን መርቆ ሸኛቸው? ስንቁ ምን ነበር፤ በሶ ነው፣ ጭኮ ነው፣ ዳቦ ቆሎ? ስንት ቀን አስቀድሞ፣ በእነማን እጅ ተሰናዳ? የት አደሩ? ውኃ ያጠጣቸው ባለ ማሳ እስላም ከነበረ ምን ብሎ ተቀበላቸው፤ እነርሱስ ምን ብለው መረቁት? የታመመ ሰው በማን ትከሻ ላይ ደረሰ? ሲመለሱ ለጎረቤት ምን ይዘው መጡ? ይህን የሚያስታውሱት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ የሚጠሩት ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ስለ ሆኑ፣ የስንቁንና የሌሊቱን ታሪክ የያዙት እናቶች ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። ይህ ልማድ መታረም አለበት።

የጎረቤቱንም ምስክርነት መተው አይገባም። በድሬዳዋ የክርስቲያን ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ለእስላሙ እንግዳ በራሱ ሰው እጅ ታርዶ፣ በተለየ ዕቃ ተሠርቶ መቅረቡ የተለመደ የመከባበር ሥርዓት ነው። ጎረቤቶች በደስታም በኀዘንም የሚረዳዱበት አፎቻ የተሰኘው ማኅበር አለ። ያን ድግስ ያሰናዳችው ክርስቲያንም፣ የበላው እስላምም የየበኩላቸውን ቢናገሩ ታሪኩ ሁለት እግር ይኖረዋል።

ዘመንን በጾምና በበዓል መቁጠር

አረጋውያን ዓመተ ምሕረቱን ይረሱታል፤ ጾሙንና በዓሉን ግን አይረሱትም። ጠያቂው ይህን ካወቀ ብዙ ነገር ይከፈትለታል። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ባጠቃ ጊዜ ወሩ የፍልሰታ ጾም ነበር። "በ1969 ምን ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው በትምህርት ቤት መጽሐፍ የታወቀውን ነው። "በጦርነቱ ጊዜ የፍልሰታ ቅዳሴ ነበረ ወይ? ሰዓታቱ ተቆመ ወይ? ወደ ቤተ ክርስቲያን በምን ሄዱ? ሕፃናቱን ማን አቈረበ?" ብሎ የጠየቀ ግን በየትኛውም የጦርነት መጽሐፍ የማይገኘውን ያገኛል። በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ዓመቱ ነው።

ሁለተኛው ማሳያ የደቻቱ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወንዙ በድንገት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት፣ ሺዎች ቤታቸውን ያጡበት ጎርፍ ደረሰ። ውኃው ቤቱን ሲወስድ በቤቱ የነበረውን ፎቶግራፍና ወረቀትም ወሰደ። ከቤተ ሰቡ የቀረው ሰው ብቻ በሆነበት ቤት ትዝታው ራሱ መዝገብ ሆኗል። ይህን ታሪክ መሰብሰብ ለታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አባቶች ወንዙ ቀድሞ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር፣ በየትኛው አቅጣጫ የደመነ ሰማይ ያሰጋ እንደ ነበር የሚናገሩት ቃል ቤት በየት መሥራት እንደሚገባ ይናገራልና።

እዚህ ላይ ለጠያቂው የሚሰጥ ማሳሰቢያ አለ። ልጁን በጎርፍ ያጣን ሰው ስለዚያች ሌሊት መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ተናጋሪው ራሱ ካልጀመረው ጠያቂው አይጀምረውም፤ እንባ ሲመጣ መቅጃው ይቆማል። የንስሐ አባቱ ወይም የቅርብ ሰው አብሮ ቢኖር ይመረጣል።

አጠያየቁ

መልካም ቃለ መጠይቅ ከጥያቄው በፊት ይጀምራል። ጠያቂው ስለ ሰውየው፣ ስለ ሠፈሩና ስለ ዘመኑ አስቀድሞ ያጠናል፤ በመጀመሪያው ቀን ያለ መቅጃ ሄዶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን መቅጃውን ያወጣል፤ ምን እንደሚሠራበትም ይገልጻል። የድሬዳዋ ሙቀት ሳይጠና የሚያዝ ቀጠሮ ፍሬ የለውም፤ ከቀትር በኋላ አረጋውያን ያርፋሉ፤ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው ቬንትሌተር ደግሞ ንግግሩን ሁሉ ይውጠዋል። ጧት ከቅዳሴ መልስ፣ ቬንትሌተሩ ሳይከፈት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ለመቅጃ መልካም የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ጥሪ እንዳይገባበት መዝጋትና ለተናጋሪው አፍ ቀረብ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ማስቀመጥ አረጋዊን ማድከም ይሆናል። ሌላ ቀን ይቀጠራል።

ጥያቄው ክፍት መሆን ይገባዋል። "ድሮ ጥምቀት በጣም ያምር ነበር፣ አይደል?" ብሎ የጠየቀ ሰው "አዎን" የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። "የከተራ ዕለት ከጧት ጀምሮ ምን ታደርጉ ነበር?" ቢል ግን ተናጋሪው ልብስ ከማጠብ ጀምሮ ታቦቱ እስኪገባ ያለውን ሁሉ በተርታ ይነግረዋል። አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የጽዋው ዕቃ፣ የባቡር ቲኬት ቍራጭ በእጅ ቢያዝ ትዝታን ይቀሰቅሳል። ዝምታንም መፍራት አይገባም፤ ተናጋሪው ዝም ያለው ብዙ ጊዜ ያለፈውን እያየ ስለ ሆነ ጠያቂው ሌላ ጥያቄ ካከለበት ያየውን ያባርርበታል።

አንድ የአካባቢው ጠባይ ደግሞ ከሌላ አገር የሚመጣውን ጠያቂ ያደናግራል። በሸዋና በጎንደር ለታላቅ ሰው አንቱታ ግዴታ ነው፤ የሐረርና የድሬዳዋ ሰው ግን ታላቁንም ታናሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ማለቱ የታወቀ ነው፤ ንቀትም አይደለም፣ ቅርበት ነው። እንግዳው ጠያቂ በአንቱታው ቢጀምር ይገባዋል፤ እናቲቱ "አንቺ በይኝ" ካሉ ግን እንደ ፈቃዳቸው ያድርግ። ዋናው ነገር ንግግሩ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ "አንተ" የተባለው ወደ "እርስዎ" እንዳይታረም ነው። ቃሉ ራሱ የከተማዋ ባህል ነውና። በዐረፍተ ነገሩ መካከል ጣል የሚደረገው ኦሮምኛና ሶማልኛም እንዲሁ እንደ ተነገረ ይጻፋል፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጣል።

ትዝታ ሲሳሳት

ሰው ይረሳል፤ ያቀላቅላል፤ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ይናገራል። በዚህ ምክንያት የቃል ታሪክን ጨርሶ የሚንቁ አሉ። ኢጣልያዊው የቃል ታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ቴርኒ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ያጋጠመው ነገር ለዚህ መልስ ይሆናል። ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ ወጣት ሠራተኛ በፈረንጆች 1949 በሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ፤ ብዙ የከተማው ሰው ግን የሞተው በ1953 ብዙ ሠራተኛ ከፋብሪካው በተባረረበት ጊዜ እንደ ሆነ አድርጎ ይተርክ ነበር። ፖርቴሊ ስሕተቱን በሰነድ አረጋገጠ፤ አልጣለውም ግን። ሕዝቡ የልጁን ሞት ይበልጥ ካቈሰለው ነገር ጋር አያይዞ እንደ ያዘው፣ የተሳሳተው ቀን ራሱ ስለ ሕዝቡ ልብ እንደሚመሰክር አስረዳ። ለእኛ ሁለቱም ያስፈልጋል። ዘመኑ በደብሩ መዝገብ፣ በሌላ ምስክርና በጽሑፍ ይመረመራል፤ የተነገረው ቃል ግን አይቈረጥም፤ ማረሚያው ከሥሩ ይጻፋል።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚደረግ ሥራ ሁለት አጥሮች አሉ። አንደኛው የንስሐ ምሥጢር ነው፤ ካህን ከንስሐ ልጁ የሰማውን አይጠየቅም፤ ተናጋሪው በስሜት ተነሣሥቶ የሌላውን ነውር ቢያወራ ያ ክፍል ለሌላ ጆሮ አይደርስም። ሁለተኛው የተአምር ነገር ነው። በቁልቢ መንገድ ላይ ተደረገልኝ የሚሉትን ተአምር የማይናገር ምእመን ጥቂት ነው። የተናገሩት እንደ ተናገሩት፣ የእርሳቸው ምስክርነት ሆኖ ይመዘገባል። ተአምር ብሎ ማወጅና ማሳተም ግን የጠያቂው ሥልጣን አይደለም፤ ለሊቃውንትና ለአባቶች የሚቀርብ ነው። ይህን መለየት ያልቻለ ቅን ወጣት ቤተ ክርስቲያንን ለማገልገል ብሎ መዘባበቻ ሲያደርጋት አይተናል።

አቀማመጡ

ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ተቀድቶ በአንድ ልጅ ስልክ ውስጥ የቀረ ድምፅ ስልኩ የተሰበረ ዕለት አረጋዊው ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው። ቅጂው በዚያው ቀን ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ሠፈር ይቀመጣል። ደቻቱን ያየ ከተማ ለዚህ ማብራሪያ አይሻም። በእያንዳንዱ ላይ የተናጋሪው ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ቀኑ፣ ቦታውና የጠያቂው ስም ይጻፋል። አንድ ሰዓት የተቀዳን ንግግር ወደ ጽሑፍ መመለስ ላልለመደው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላልና የሚጽፉት ልጆች ከሚጠይቁት ይልቅ መብዛት አለባቸው። የተናጋሪው ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰዳል፤ ቃሉ አሁኑኑ ይሰማ፣ ከዕረፍታቸው በኋላ ይሰማ፣ ወይም ለቤተ ሰብ ብቻ ይሁን የሚለውን የሚወስኑት ተናጋሪው ራሳቸው ናቸው።

ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። በቃለ ዓዋዲው መሠረት እያንዳንዱ ደብር ሰበካ ጉባኤ አለው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አለው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስልክ የሚችሉ፣ መጻፍ የሚችሉ፣ አያቶቻቸው በሕይወት ያሉላቸው ወጣቶች አሉት። የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የቃል ትውፊትን ከቅርስ መደብ አስቀድሞ ይጠራዋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡት በዚሁ ስምምነት ነው። የዓለም መዝገብ ግን በዓሉን እንጂ የአንዲትን የድሬዳዋ እናት ከተራ አይመዘግብም፤ ያ የደብሩ ሥራ ነው።

ሥራው ሲጀመር ከማን እንጀምር የሚለው ያከራክራል። ዕውቀቱ ከበዛው ይሁን የሚሉ አሉ፤ ከታመመው ይሁን የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ዕድሜው ከገፋውና ከደከመው መጀመር ይሻላል፤ ዕውቀቱ የበዛው ወጣት ካህን ለከርሞም ይገኛል። ከዚያም እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ሲያበቃ፣ መቅጃው ሳይዘጋ፣ ጠያቂው አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ "ይህን ነገር ከእርስዎ ጋር ያየ ማን አለ?" የሚጠራው ስም ይጻፍ፤ ሠፈሩ ይጠየቅ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት ወደዚያ ቤት ይኬድ።